ጋቢናና ሻንሲ፤ አሮጌ የጭነት መኪና ስለ መፍታትና እንደ ገና ስለ መሥራት

የሰውን የእጅ ሥራ የሚመረምር ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ዐይኑን የሚያሳርፈው በሸማኔው መወርወሪያ፥ በአንጥረኛው መዶሻና በሸክላ ሠሪዋ ጭቃ ላይ ነው። ከፋብሪካ የወጣን ዕቃ ግን የአንድ ሕዝብ ጠባይ እንደማይታይበት ቈጥሮ ያልፈዋል። ይህ አስተያየት ዕቃው ከፋብሪካ በወጣበት ቀን እውነት ሊሆን ይችላል፤ ከ50 ወይም ከ70 ዓመት በኋላ አንድ ሰው በጓሮው አቁሞ ቡሎኑን አንድ በአንድ ሲፈታው ግን እውነትነቱ ይቀራል። በዚያን ጊዜ ፋብሪካው አንድ አድርጎ የሰጠው ነገር ይከፋፈላል፤ የሚፈታውም ሰው የትኛው ክፍል እንዲኖር፥ የትኛው እንዲጣል ይፈርዳል። ፍርዱም ከግል ፈቃዱ ብቻ የሚመነጭ አይደለም፤ የኖረበት ማኅበር ያስተማረውም አለበት።

ይህ ጽሑፍ የዚህን ፍርድ ጠባይ ለማስረዳት አንድ ሥራ ብቻ ይመርጣል፤ እርሱም የአሮጌ የጭነት መኪና ጋቢና ከሻንሲው ላይ የሚነሣበት ሥራ ነው። ለምሳሌ የተወሰደው ከ1947 እስከ 1955 በአሜሪካ የተሠራው ትንሹ የሸቭሮሌ የጭነት መኪና ነው። ይህ መኪና እንደ ባለቤቱ ፈቃድ ተለውጠው እንዲሠሩ ከሚፈቱት መካከል በብዛት የሚገኝ፥ አሠራሩም በሚገባ የታወቀ ነው። ከዚያ በኋላ ነገሩን በፓኪስታን ከሚሠራው ሥራና ከሀገራችን ልማድ ጋር እናስተያያለን። ልናስረዳ የምንፈልገውም ይህ ነው፤ ጋቢናው በተነሣ ጊዜ መኪናው በሁለት ይከፈላል፥ ከሁለቱ ክፍሎች «መኪናው» የሚባለው የትኛው ነው ለሚለው ጥያቄ ግን ሕዝቦች የሚሰጡት መልስ አንድ አይደለም። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

1. ስለ ቃላቱ

ጋቢና የምንለው በጭነት መኪና ላይ ሾፌሩ የሚቀመጥበትን ቤት ነው። ቃሉ ካቢና ከሚለው የኢጣልያንኛ ቃል የመጣ ነው። ኮፈን፥ ፓራፋንጎ፥ ቡሎን፥ ዳዶ፥ ፍሪሲዮን፥ ካምቢዮና ላሜራ የተባሉትም ከዚያው ቋንቋ ወደ ጋራዣችን የገቡ ናቸው። ምክንያቱም የታወቀ ነው፤ ከ1936 እስከ 1941 በነበረው የወረራ ዘመን የኢጣልያ የጭነት መኪናዎች በብዛት ወደ ሀገራችን ገብተዋል፤ ወረራው ካለፈ በኋላም በሀገሪቱ የቀሩ ኢጣልያውያን መካኒኮች ከኢትዮጵያውያን ጋር አብረው ሠርተዋል። ስለዚህ የሀገራችን መካኒክ ስለ መኪና አፈታት በአማርኛ ለመናገር ቃል አይቸግረውም።

ጋቢና የሚለው ቃል ከጋራዥ ወደ መንገድ ከወጣ በኋላ ትርጕሙ ጠብቧል። በከተማ አነጋገር «ጋቢና ግባ» የተባለ ሰው ከሾፌሩ ጎን ካለው መቀመጫ ላይ እንዲቀመጥ መጠራቱ ነው። የቤቱ ስም ወደ አንድ መቀመጫ ተዛውሯል ማለት ነው። ይህን የምናስታውሰው ቃሉ ከጊዜ በኋላ ለሚመጣው ንጽጽር ስለሚያገለግል ነው።

ሻንሲ የሚባለው ደግሞ በመኪናው ርዝመት ልክ የተዘረጉት ሁለት የብረት ወራጆች በአግዳሚ ብረቶች ተያይዘው የሚሠሩት መሠረት ነው። ሞተሩ፥ ካምቢዮው፥ ባሌስትራውና የጭነቱ ሣጥን ሁሉ የሚያርፉት በእርሱ ላይ ነው። ጋቢናውም እንደ ሌሎቹ ተሸካሚ ሳይሆን ተሸካሚ የሚሻ ነው። የአሮጌ የጭነት መኪናን መፍታት የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ቤቱና መሠረቱ በቡሎን ብቻ የተጋቡ ናቸውና።

2. መኪናውና የሚፈቱት ሰዎች

ሸቭሮሌ ይህን መኪና ለገበያ ያወጣው በ1947 ክረምት ሲሆን፥ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአዲስ መልክ የተነደፈ ነበር። የትንሹ ዓይነት ስም 3100 ይባላል። ከፊተኛው ጎማ መካከል እስከ ኋለኛው ጎማ መካከል ያለው ርቀት 116 ኢንች፥ ማለት 2 ሜትር ከ95 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሞተሩ በአንድ መሥመር የተደረደሩ 6 ሲሊንደሮች ያሉት ነው። መኪናው የገበሬ፥ የአናጢና የትንሽ ነጋዴ መሣሪያ ነበር፤ የተገዛው ለመልኩ ሳይሆን ለሥራ ነው። ትከሻው የከበደ፥ ማዕዘኑ የተድቦለቦለ መልኩ ግን በዚያች ሀገር የገጠር ሰዎች ትዝታ ውስጥ ቀርቷል።

ዛሬ ይህን መኪና የሚፈቱት ሰዎች በሁለት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ወደ ጥንቱ የሚመልሱት ናቸው፤ እነዚህ እያንዳንዱ ቡሎን በፋብሪካው ጊዜ እንደ ነበረ እንዲሆን ይደክማሉ። ሁለተኞቹ እንደ ፈቃዳቸው የሚለውጡት ናቸው፤ የድሮውን መልክ ይዘው ሞተሩን፥ ፍሬኑን፥ መሪውን፥ አንዳንድ ጊዜም ሻንሲውን በሙሉ በአዲስ ይተካሉ። የሁለተኞቹ ልማድ ከጦርነቱ በፊት በደቡብ ካሊፎርኒያ አሮጌ የፎርድ መኪናዎችን እያቀለሉ በደረቁ የሐይቅ ሜዳዎች ላይ ይሽቀዳደሙ ከነበሩት ወጣቶች የተወለደ ነው። እነዚህ ወጣቶች በ1937 የእሽቅድምድም ማኅበራቸውን አቋቋሙ፤ በ1948ም ሆት ሮድ የተባለው መጽሔት መታተም ጀመረ። ሁለቱ ወገኖች እርስ በርሳቸው ይነቃቀፋሉ። የመጀመሪያዎቹ «ታሪክን ታበላሻላችሁ» ሲሉ፥ ሁለተኞቹ «እናንተ መኪናውን ሬሳ አድርጋችሁ ታኖራላችሁ፥ እኛ ግን እንነዳዋለን» ይላሉ። የክርክሩ ጠባይ ከመጽሐፍ ይልቅ በሥራው ላይ ስለሚገለጥ፥ ወደ ሥራው እንለፍ።

3. ከመነሣቱ በፊት

ልምድ ያለው ሠራተኛ የሚጀምረው በመፍታት ሳይሆን በመመዝገብ ነው። መኪናውን ከየአቅጣጫው ፎቶግራፍ ያነሣል፤ በየሽቦው ላይ ምልክት ያስራል፤ ከአንድ ስፍራ የወጡትን ቡሎኖች በአንድ ከረጢት ሰብስቦ ስሙን ይጽፍበታል። በበሩና በበሩ ፍሬም መካከል ያለውንም ክፍተት ከላይ፥ ከመካከልና ከታች ለክቶ ይይዛል። ይህ ክፍተት ጋቢናው ቀጥ ብሎ መቆሙን ወይም መጣመሙን የሚናገር ምስክር ነው፤ በኋላ ጋቢናው በሌላ መሠረት ላይ ሲቀመጥ ወደ ነበረበት መመለሱ የሚታወቀው በዚህ ልክ ነው።

ሁለተኛው ሥራ ዝገቱን ማላላት ነው። ቡሎኖቹ ከመፈታታቸው ብዙ ቀን በፊት ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይጠጣሉ። በእሳት ማሞቅም የተለመደ ነው፤ ነገር ግን በዚህ መኪና ላይ አንድ ትልቅ አደጋ አለ። ከ1949 ጀምሮ የነዳጁ ሰልባትዮ የተቀመጠው በጋቢናው ውስጥ፥ ከመቀመጫው ኋላ ነው። ስለዚህ ቤንዚኑ ሳይቀዳና ሰልባትዮው ሳይወጣ በጋቢናው አጠገብ እሳት አይነሣም። ባዶ ሰልባትዮ ከሙሉው ይልቅ የሚያስፈራ መሆኑን ጀማሪ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል፤ የሚቃጠለውና የሚፈነዳው በውስጡ የቀረው እንፋሎት ነውና። ከዚህ ጋር የባትሪው ሽቦም አስቀድሞ ይፈታል።

ሦስተኛው የፊቱን ልብስ ማውለቅ ነው። የራዲያተሩ ውሃ ይፈስሳል፤ ኮፈኑ በሁለት ሰው ይነሣል፤ ፓራፋንጎዎቹና የራዲያተሩ መያዣ ከጋቢናው ግንባር ላይ ከተያያዙባቸው ቡሎኖች ይላቀቃሉ። አንዳንዶች ይህን ሁሉ ሳይበታትኑ እንደ አንድ ጭንብል በአንድነት ያነሡታል።

አራተኛውና ትዕግሥት የሚጠይቀው፥ ጋቢናውን ከታች ካለው አካል ጋር የሚያገናኙትን ሥሮች አንድ በአንድ መፍታት ነው። የመብራቱና የማስነሻው ሽቦ፥ የፍጥነት መለኪያው ገመድ፥ የነዳጅ መስጫውና የአየር መዝጊያው ሽቦ፥ የዘይት ግፊት መለኪያው ቀጭን ቧንቧ ሁሉ ይለያያሉ። ከእነዚህ መካከል የውሃ ሙቀት መለኪያው ልዩ ጥንቃቄ ይሻል። ከመለኪያው ሰሌዳ ወደ ሞተሩ ራስ የሚወርደው የፀጉር ያህል ቀዳዳ ያለው ቱቦ በውስጡ ፈሳሽ ተሞልቶ በሁለቱም ጫፍ የታሸገ ነው። ከተቈረጠ ወይም ከተሰበረ መለኪያው ይሞታል። ስለዚህ ጫፉ ከሞተሩ ተፈትቶ ቱቦው ሳይቈረጥ ተጠቅልሎ ከጋቢናው ጋር ይወጣል። ችኩል ሠራተኛና ታጋሽ ሠራተኛ የሚለዩት በዚህ ቱቦ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

መሪው ደግሞ የራሱ ችግር አለው። በዛሬ መኪናዎች የመሪው ዘንግ በመገጣጠሚያ የተከፋፈለ ስለ ሆነ በቀላሉ ይለያያል። በዚህ አሮጌ መኪና ግን ረጅሙ ዘንግ በሻንሲው ላይ ከታሰረው የመሪ ሣጥን ጋር አንድ ሆኖ በጋቢናው ወለል በኩል ወደ ላይ ይወጣል። ስለዚህ ክቡ መሪ በመንቀያ ወጥቶ፥ የወለሉ ክዳን ተነሥቶ፥ ጋቢናው ዘንጉን እስኪያልፍ ድረስ ቀጥ ብሎ መነሣት አለበት፤ ወይም የመሪው ሣጥን ከሻንሲው መፈታት አለበት። የፍሪሲዮኑና የፍሬኑ ፔዳሎችም በወለሉ ቀዳዳ የሚያልፉ ስለ ሆኑ ከነክንዳቸው ካልወጡ ጋቢናውን ይይዙታል። የካምቢዮው ዘንግም እንደዚሁ ነው።

4. የማንሣቱ ሥራ

ጋቢናው ከሻንሲው ጋር የሚያያዘው በአራት ማዕዘኑ ነው። የኋላዎቹ ሁለት ማያያዣዎች ጎማ በተደረገበት አጭር መንጠልጠያ የተሠሩና ጥቂት የሚወዛወዙ ናቸው። ይህም ያለ ምክንያት አልተደረገም። የጭነት መኪና ሻንሲ በጎርበጥባጣ መንገድ ላይ ሲሄድ ይጣመማል፤ ጋቢናው በአራቱም በኩል ጠብቆ ቢታሰር ላሜራው ይቀደድ ነበር። መሐንዲሶቹ ከመጀመሪያው ቤቱና መሠረቱ ሁለት መሆናቸውን፥ አንዱ ሲጣመም ሌላው እንዳይከተለው ማድረግ እንደሚገባ ያውቁ ነበር።

ከዘመን ብዛት በተለይ የሚዝጉት የጋቢናው የታች ማዕዘኖች፥ የወለሉ ጠርዝና የበሩ ዓምድ እግር ናቸው። ውሃና ጭቃ የሚከማቹት በነዚህ ስፍራዎች ነው። ጋቢናውም ጥንካሬውን የሚያገኘው ከነዚሁ ክፍሎች ስለ ሆነ፥ የዛገ ጋቢና በቡሎኑ ተይዞ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሳለ ጤነኛ ይመስላል፤ በተነሣ ጊዜ ግን እንደ እርጥብ ካርቶን ይታጠፋል። ስለዚህ ከመፈታቱ በፊት በሮቹ በቦታቸው ተዘግተው ክፍተታቸው ይመረመራል፤ ከዚያም አራት ማዕዘን ቱቦ ከፊተኛው የበር ዓምድ ወደ ኋለኛው፥ ሌላም ከግራው ወደ ቀኙ ተዘርግቶ ይበየዳል። ይህ የብረት ድጋፍ ወለሉና ማዕዘኖቹ በአዲስ ላሜራ እስኪተኩ ድረስ አይነሣም።

ከዚህ በኋላ አራቱ ቡሎኖች ይፈታሉ፤ አልፈታ ያለው ይቈረጣል። የመጨረሻው ምርመራ የሚደረገው በመተኛት ነው፤ አንድ ሰው ከመኪናው ሥር ገብቶ የተረሳ ሽቦ፥ ቱቦ ወይም የተጣበቀ ጎማ መኖሩን ይመለከታል። ከዚያ ጋቢናው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ተደርጎ ይቆማል፥ እንደ ገናም በዙሪያው ይታያል።

የሚነሣው በሁለት መንገድ ነው። የመጀመሪያው መሣሪያ ነው፤ ወፍራም እንጨቶች በሁለቱ የበር መግቢያዎች በኩል አልፈው በሰንሰለት ማንሻ ይያዛሉ። በዚህ ጊዜ ክብደቱ በጣሪያው ላይ እንዳያርፍና ጣሪያውን እንዳያጐብጠው ጥንቃቄ ይደረጋል። ሁለተኛው የሰው ትከሻ ነው። መስታወቱ፥ በሩና መቀመጫው የወጣለትን ጋቢና ስድስት ወይም ስምንት ሰዎች ዙሪያውን ይዘው ሊያነሡት ይችላሉ። ጋቢናውን ወደ ጎን ከመሸከም ይልቅ ግን ብዙዎች ሌላ ዘዴ ይመርጣሉ፤ ጋቢናው በአየር ላይ ተይዞ ሳለ ሻንሲው በጎማው ላይ እየተንከባለለ ከሥሩ ይወጣል። የሚሄደው መሠረቱ ነው፥ የሚቀረው ቤቱ ነው። ጋቢናውም አስቀድሞ በተሠራለት ባለ ጎማ አልጋ ላይ በአራቱ ማያያዣዎቹ በኩል ያርፋል።

ማኅበራዊው ጠባይም የሚታየው በዚሁ ቀን ነው። ብቻውን ለወራት ሲፈታ የቆየ ሰው ለአንድ ሰዓት ሥራ ጓደኞቹንና ጎረቤቶቹን ይጠራል። ገንዘብ አይከፍላቸውም፤ ምግብና መጠጥ ያቀርብላቸዋል፥ የእነርሱ ተራ በደረሰ ጊዜም ሊሄድላቸው ይገባል። የደቦን ሥርዐት ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ልዩነቱ ደቦ ለእርሻና ለቤት ሥራ፥ ይህ ግን ለትርፍ ጊዜ ሥራ መሆኑ ብቻ ነው፤ የብድር መመለሱ ግዴታ ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው።

5. ከሁለቱ የትኛው ይቀራል?

ጋቢናው ከተነሣ በኋላ ለባለቤቱ ሁለት መንገድ ይከፈትለታል። ወደ ጥንቱ የሚመልሰው ሰው የድሮውን ሻንሲ አጽድቶ፥ ቀለም ቀብቶ ጋቢናውን እዚያው ይመልሳል። የሚለውጠው ሰው ግን ብዙ ጊዜ የድሮውን ሻንሲ ይተወዋል። በዚህ ሥራ የታወቀው ምትክ ከ1982 እስከ 2004 በአሜሪካ የተሠራው ኤስ 10 የተባለው የሸቭሮሌ ትንሽ የጭነት መኪና ሻንሲ ነው። የረጅሙ ዓይነት የጎማ ርቀት 117.9 ኢንች ስለ ሆነ ከአሮጌው 116 ኢንች ጋር ተቀራራቢ ነው። በዚህ ለውጥ ባለቤቱ የተሻለ ፍሬንና መሪ ያገኛል፤ ጋቢናው የሚያርፍባቸውን ማያያዣዎች ግን በእጁ ለክቶ፥ ቈርጦና በይዶ መሥራት አለበት። የፊተኛው ጎማ በፓራፋንጎው ቅስት መካከል በትክክል ካልዋለ፥ የሥራው ጕድለት ከሩቅ ይታያል።

ከዚህ አልፈው የሚሄዱም አሉ። አንዳንዶች የጋቢናውን ወለል ቈርጠው ሻንሲው ወደ ውስጥ እንዲገባ ያደርጋሉ፥ መኪናውም ወደ መሬት ዝቅ ይላል። አንዳንዶች የበሩን ዓምዶች አሳጥረው ጣሪያውን ዝቅ ያደርጋሉ። እነዚህ ሥራዎች ከማንሣቱ የሚለዩበት ነገር አለ። የተነሣ ጋቢና ተመልሶ ሊቀመጥ ይችላል፤ የተቈረጠ ዓምድ ግን እንደ ነበረ አይሆንም። የሁለቱ ወገኖች ጠብ የሚበረታውም በዚህ ላይ ነው። ጤነኛ ጋቢናዎች በዝገት ምክንያት በየዓመቱ እያነሱ ስለሚሄዱ፥ አንዱ የሚቈርጠው ላሜራ ለሌላው የጠፋ ምስክር ነው።

ፈላስፎች ስለዚህ ነገር የቆየ ምሳሌ አላቸው። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው የአቴና ሰዎች የቴሴዎስን መርከብ የበሰበሰውን ሳንቃ በአዲስ እየተኩ ስላኖሩት፥ መርከቡ ያው ነው ወይስ ሌላ ነው የሚል ክርክር ተነሣ። የእኛ ጥያቄ ግን ከዚያ ይለያል። መርከቡ የተለወጠው በዘመናት፥ ሳንቃ በሳንቃ ስለ ነበር ለውጡ የጀመረበትን ቀን ማመልከት አይቻልም። መኪናው ግን በአንድ ቀን፥ በምስክሮች ፊት በሁለት ይከፈላል። ባለቤቱ አንዱን መምረጥ ግድ ይሆንበታል፤ ምርጫውም ስለ ራሱ ማኅበር ይናገራል።

6. ቁጥሩና ሕጉ

ሕግም በዚህ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ሸቭሮሌ የዚህን መኪና ቁጥር የያዘውን ሰሌዳ ያሰረው በጋቢናው ላይ፥ በበሩ ዓምድ ነው። በሌላ በኩል ከአሜሪካ ግዛቶች አንዳንዶቹ በዚያ ዘመን የባለቤትነቱን ወረቀት ይሰጡ የነበረው በሞተሩ ቁጥር ነበር። ሞተሩ ከዓመታት በኋላ ሲለወጥ ወረቀቱ ከሌለ ነገር ጋር ታስሮ ይቀራል። ባለ 17 ፊደልና አኃዝ የሆነው የዛሬው አንድ ዓይነት ቁጥር የተደነገገው በ1981 ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ መንገድ ይቈጥር ነበር።

እንግዲህ የ1950 ጋቢና በ1995 ሻንሲ ላይ ሲቀመጥ መኪናው ሁለት ልደት አለው። አንዳንድ ግዛቶች እንዲህ ያለውን መኪና በልዩ ሁኔታ የተሠራ ብለው ይመዘግቡታል። ቁጥሩን መፋቅና መለወጥ በአገሪቱ የፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው፤ ይህም መኪና ሌቦችን ለመከላከል የተደነገገ ነው። ስለዚህ ጥንቁቅ ሠራተኛ ጋቢናውን ከማንሣቱ በፊት ሰሌዳውን፥ የሞተሩን ቁጥርና ወረቀቱን አስተያይቶ ይመዘግባል። ይህን ያላደረገ ሰው ሥራውን በመልካም ከጨረሰ በኋላ በመንገድ ላይ ሊነዳው የማይችል መኪና በእጁ ሊቀርበት ይችላል።

7. ንጽጽር፤ ፓኪስታንና ሀገራችን

በፓኪስታን ነገሩ የተገለበጠ ነው። በዚያች ሀገር በእንግሊዝ ኩባንያ የተነደፈው፥ በ1958 ለገበያ የወጣው የቤድፎርድ ጄ የጭነት መኪና ሮኬት በሚል ስም ታውቆ የመንገዱ ጌታ ሆኖ ኖሯል። ባለቤቱ መኪናውን እንደ ገዛ ወደ ሠሪዎች ሰፈር ይወስደዋል። በዚያም ከፋብሪካው የመጣው የጋቢና መልክ አብዛኛው ይለወጣል፤ ከግንባሩ በላይ ታጅ፥ ማለት ዘውድ የተባለ ትልቅ የእንጨት ሥራ ይነሣል፤ በሰሜን ምዕራቡ ክፍል የብረቱ በር ወጥቶ በተቀረጸ የእንጨት በር ይተካል፤ ሥዕል፥ ቅዱስ ጽሑፍና ግጥም ይጨመርበታል። ሻንሲውና ሞተሩ ግን በቦታቸው ይቀራሉ። አሜሪካዊው ፊቱን ይዞ መሠረቱን ሲጥል፥ ፓኪስታናዊው መሠረቱን ይዞ ፊቱን እንደ ገና ይፈጥራል።

የሀገራችን ልማድ በዚህ ረገድ ለፓኪስታን ይቀርባል። የመኪና ባለቤትነት መታወቂያ በሆነው ሊብሬ ላይ የሚጻፉት የሻንሲ ቁጥርና የሞተር ቁጥር ናቸው። በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ በሀገር ውስጥ የሚሠራው አውቶቡስም ቅጥቅጥ ተብሎ ይጠራል፤ ይህ ስም የላሜራውን መቀጥቀጥ፥ ማለት የእጁን ሥራ እንጂ የፋብሪካውን ስም አያስታውስም። መሠረቱ ያው ሆኖ በላዩ ያለው ቤት በሌላ ቤት ይተካል፤ ይህንንም ማንም እንደ ነውር አይቈጥረውም። በአንጻሩ ከላይ እንደ ተመለከትነው በአነጋገራችን የተመረጠው መቀመጫ በጋቢናው ስም ይጠራል። በወረቀት ላይ መኪናው ሻንሲ ነው፤ በሰው አፍ ግን ክብሩ በጋቢናው ነው።

የልዩነቱ ምክንያት የሕዝቦች ጠባይ ነው ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ ነገር ግን በቂ አይደለም። ከዚህ የሚሻለው ማስረጃ የመኪናው ሥራ ነው። መኪናው እንጀራ በሚያበላበት ስፍራ ዋጋ ያለው ጭነት የሚሸከመው ክፍል ነው፤ ቤቱ ደንበኛ እንዲስብ፥ ባለቤቱን እንዲያስከብርና ተጨማሪ ሰው እንዲይዝ እንደ ፈቃድ ይለወጣል። መኪናው ሥራውን ጨርሶ ጡረታ በወጣበት ስፍራ ግን ጭነት መሸከም ዋጋ የለውም፤ ዋጋ ያለው የአባት ወይም የአያት መኪና መልክ ነው፥ እርሱም ያለው በጋቢናው ላይ ነው። ስለዚህ በአሜሪካም ቢሆን መኪናው በእርሻ ላይ ይሠራ በነበረበት ዘመን ገበሬው ዝገት ስለ በላው ማዕዘን ብዙም አይጨነቅም ነበር፤ የሚጨነቀው ስለ ባሌስትራው ነበር። የተለወጠው ሕዝቡ ሳይሆን የመኪናው ዕድሜና አገልግሎት ነው።

8. ለመርማሪው የቀረበ ምክር

ከዚህ ለተማሪዎቻችን የሚጠቅም አንድ የአሠራር ትምህርት ይገኛል። በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ከተማ ወደ ጋራዥ ገብቶ የእጅ ሥራን የሚመረምር ሰው የተፈጸመውን መኪና ብቻ ቢመለከት ፍርዱን አያገኘውም፤ ፍርዱ የተሰጠው በመፍታቱ ጊዜ ነውና። ስለዚህ በሚፈታበት ቀን መገኘት አለበት። ሊጠይቃቸው የሚገቡትም ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። ማን ፈታው? ለማንሣቱ ማን ተጠራ፥ በምንስ ተመለሰለት? ሳይቈረጥ በትዕግሥት የተፈታው የትኛው ክፍል ነው፥ ያለ ሐሳብ የተቈረጠውስ? ቁጥሩ በየትኛው አካል ላይ ነበር፥ ከሥራው በኋላስ የት ሄደ? ሠራተኞቹ ስለ እያንዳንዱ ክፍል የተናገሩት ቃል ምንድር ነው?

ከሁሉ በላይ ግን የተጣለውን ክፍል መመዝገብ ያስፈልጋል። የቀረው ክፍል ባለቤትና ጠባቂ አለው፤ ፎቶግራፍም ይነሣለታል። የተጣለው ሻንሲ፥ የተቈረጠው ጣሪያ ወይም የወጣው የብረት በር ግን በቅርብ ቀን ለቁራጭ ብረት ነጋዴ ይሸጣል፥ ይቀልጣልም። ከእርሱም ጋር ቡሎኑ የተበላበት መንገድ፥ በብየዳ የተጠገነው ስብራትና የአሮጌው ሠራተኛ እጅ ምልክት ይጠፋሉ። አንድ ሕዝብ ምን እንደሚወድ ከያዘው ዕቃ ይታወቃል፤ ምን ሊለየው እንደሚችል ግን የሚታወቀው ከጣለው ነው። መርማሪው ማስታወሻውን ይዞ ሁለቱ ክፍሎች በተለያዩበት ሰዓት ካልደረሰ፥ ከጥያቄው መልስ ግማሹን ብቻ ይዞ ይመለሳል።